መሃል ለመሃል

«መስኮቱ እዚያ ማዶ ነው። መሃል ለመሃል አቋርጠን ከፈት እናድርገውና ጭሱ ይውጣ» አለ አለቃው፣ የውሃውን ቱቦ አፍ እንደታቀፈ።

ከእግራቸው ሥር የፍራሽ መደብሩ ይንቦገቦጋል። ሁለቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የቆሙበት ፎቅ ላይ ግን ነበልባል የለም፤ ጭስ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሠራተኛ፣ ጥጌን፣ ደስ ያላለው ይኼው ነው። ጎንበስ ብሎ የጣውላውን ወለል ዳበሰ። ሙቀቱ ጓንቱን አልፎ ተሰማው። በመጥረቢያው እጀታ መታ ቢያደርገው እንደ እንጨት አልጮኸም፤ እንደራሰ ካርቶን ድምፁን ዋጥ አደረገው።

«በግድግዳው ጥግ ዞረን እንሂድ» አለ በጭምብሉ ውስጥ። «መሃሉ የሚታመን አይደለም።»

አለቃው ሳቀ። «ጀመረህ ደግሞ። የእህል መጋዘኑም እኮ የሚታመን አልነበረም።»

 «ጥጌ» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያኔ የእህል መጋዘኑ ሲቃጠል «ፎቁ ይደረመሳል፣ ማንም እንዳይገባ» ብሎ ጓደኞቹን ካስወጣ በኋላ የተለጠፈበት ነው። እህሉ ከሰለ፤ ፎቁ ንቅንቅ ሳይል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጥግ ጥጉን የሚሄድ ፈሪ ሆነ። ሹመቱም አለፈውና ሄዶ ሄዶ፣ እሱው ራሱ እጁን ይዞ ላስቀጠረው ለሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ለዛሬው አለቃው፣ ደረሰ። ሰውዬው እቤት በመጣ ቁጥር የመጋዘኑን ነገር ሳያነሳ አይሄድም። ሚስትም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች፤ ያልታየባት መስሏት።

«ሂዳ» አለ ጥጌ በሆዱ። «ሂድና እንተያያለን።»

ጀርባውን ከግድግዳው አስጠጋ። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚዎች ግንቡ ላይ የሚያርፉት እዚያ ነው። ከዚያ ሆኖ ቱቦውን በእጆቹ መሃል እየለቀቀ አቀበለው።

አለቃው ጣውላውን ውሃ እያጠጣ ተራመደ። ውሃው መጥቶ የጥጌን ቦት ጫማ ነካ። ወደ በሩ አልፎ በደረጃው መውረድ ነበረበት። አልወረደም። ትንሽ አመነታና ተመልሶ ወደ መሃል ፈሰሰ፣ ሰውዬውን ተከትሎ።

ወለሉ መሃሉ ላይ መስረጉዱ ለጥጌ ገባው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እውነቱ የኔ ይሁን እያለ ሲለምን የኖረ ሰው ልመናው ድንገት ተገለበጠበት። ይቁም። ወለሉ ብቻ ይቁምልኝና ዕድሜ ልኬን ይሳቁብኝ።

«ወንድሜ፣ ቁም» አለ። «እግርህን እንዳታነሳ። ቀስ ብለህ በደረትህ ተኛና ወደ እኔ ተሳብ።»

«እህቴ ትሙት፣ ይቺን ሳልነግራት አላድርም» አለ አለቃው። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ግን አልጨረሰውም።

ከጭሱ ውስጥ ጀርባው ብቻ ይታያል። ቆሟል። አይራመድም፣ እጁም አይንቀሳቀስም። ጥጌ ቱቦውን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ቱቦው ግን በጓንቶቹ መሃል ቀስ፣ ቀስ እያለ፣ እየሾለከ፣ ወደ መሃል መሄዱን አልተወም።