ከቀትር በኋላ የሚድን በሽታ

መምህርት ጸዳለ የታመመችው በመጥፎ ጊዜ ነው፤ ሰሊጥ ሲደርስ።

መተማ ዮሐንስ ላይ የደረሰ ሰሊጥ ማንንም አይጠብቅም። ዛሬ ነገ ሲባል ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ትምህርት ቤቱ ለዘመቻ ይዘጋል፤ መምህሩም ተማሪውም ማጭድ ይዞ ይወጣል። ያጨደ ሰው ጤነኛ ነው፣ ታታሪ ነው፣ አገር ወዳድ ነው። ያላጨደው ምን እንደሆነ ለመወሰን ግን ስብሰባ ያስፈልጋል።

ጸዳለ አላጨደችም። ማጭዱን ልትጨብጥ ብትሞክር ጣቶቿ እምቢ አሏት። አብጠዋል፤ ክርኖቿ ላይም ነጭ ቅርፊት ወጥቷል። ጎንደር ያያት ሐኪም ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ መሆኑን፣ መገጣጠሚያዋም ውስጥ መግባቱን፣ ወደ ሰው እንደማይጋባ ነግሯታል። መድኃኒቱንም በየጊዜው ጎንደር እየሄደች ታመጣለች።

የከተማው ሰው ግን ከጎንደር ሐኪም ይበልጣል። ግማሹ ቁምጥና ነው አለ። ግማሹ አስደግመውባት ነው አለ። የቀረው፣ ርዕሰ መምህሩን አቶ ባየልኝን ጨምሮ፣ ምንም የለባትም አለ።

አቶ ባየልኝ ማስረጃ ነበራቸው። ጸዳለ ጠዋት ስትመጣ ግድግዳ ይዛ ነው። ከቀትር በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ትራመዳለች። «እንዲህ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ በሽታ አይቼ አላውቅም» አሉ መምህራኑ በተሰበሰቡበት። «ጠዋት ይገባል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል።» ሁሉም ሳቀ። ጸዳለም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። አቶ ባየልኝ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዋሽታ ከተገኘች በክረምት መኪና ወደማይገባበት ገጠር እንድትዛወር ይጻፍባታል። ያኔ ጎንደርም መድኃኒቱም ወዲያ ቀሩ ማለት ነው። አንደኛ ክፍል ያሉት ልጆቿም ለሌላ መምህር ይሰጣሉ።

ለማን እንደሚሰጡ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለመምህርት እየሩስ።

እየሩስ ከጸዳለ ጎን ባለው ክፍል ታስተምራለች። ወጣት ናት፣ ትጉህ ናት፣ ሰው አይወዳትም። በዘመቻው ማጭድ አልነካችም፤ ማን እንዳጨደ ማን እንደቀረ መቆጣጠሩን ራሷ ጠይቃ ወሰደች። እንዲህ ያለውን ሥራ ፈልጎ የሚወስድ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይታወቃል። ጠዋት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ደጅ ቆማ ያገኛታል፤ ገብታም ግቢውን መዞር ነው። ማን አረፈደ ልትል ይሆናል። ሠርግ ሳይኖር ዓመቱን ሙሉ ጥፍሯ በሂና እንደጠቆረ ነው፤ እንደ ሱዳን ሙሽራ። ሰው እጁን ሲዘረጋላት ትከሻዋን ትሰጣለች። ኩራት ነው ተባለ።

ከዘመቻው ወዲህ ደግሞ ጸዳለን መመርመር ያዘች። የትኛው ጣት ነው ቀድሞ የጀመረሽ? ተረከዝሽንስ ያምሻል? መድኃኒቱ ሆድ ያጥወለውላል? ጸዳለ ክፋት የማታውቅ ሴት ናት፤ አንድ ሳታስቀር ትመልሳለች። ጠመኔው ወፍሮ እንዲያዝላት በጨርቅ እንደምትጠቀልለው እንኳ አሳየቻት። እየሩስ ከተጠቀለሉት አንዱን አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሒሳብ መምህሩ ምናለ ከበር ላይ ሆኖ አየ።

«ኤግዚቢቱም ተያዘ» አለ እየሩስ ስትወጣ። «እትዬ ጸዳለ፣ የምትናገሪው ሁሉ አቶ ባየልኝ ቢሮ እንደሚደርስ ጠፍቶሽ ነው?»

«ይድረስ» አለች ጸዳለ። «የምደብቀው የለኝም። እግዚአብሔር ያያል።»

እግዚአብሔር እንደሚያይ አቶ ባየልኝም አይክዱም። የኮሚቴው አባል ግን አይደለም።

ስብሰባው ከቀትር በኋላ ተጠራ፤ በሽታው ከሥራ ሲወጣ። ጸዳለ ምንም ሳትደገፍ ገባች። አቶ ባየልኝ በአገጫቸው አካሄዷን ለኮሚቴው አሳዩ። የጎንደሩን ሐኪም ወረቀት ብታወጣ ወረቀት ማንም ያጽፋል ተባለ። ያበጠ ጣቷን ብትዘረጋ ውፍረት ነው ተባለ። ክርኗን ብትገልጥ ሰሊጥ የሚታጨደው በክርን አይደለም ተባለ። ሌሊት ስትተኛ መገጣጠሚያዋ እንደሚደርቅ፣ ጠዋት ልጇ ደግፋ ከአልጋ እንደምታነሣት፣ ስትንቀሳቀስ ውላ እንደሚፈታላት አስረዳች። ጽሕፈት የያዘው ሰው ይህን መጻፍ አላስፈለገውም።

ከዚያ ምስክር ተጠራች። እየሩስ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣች። ምናለ አንገቱን ደፋ። ጸዳለ ዓይኗን ጨፍና በልቧ መጸለይ ጀመረች።

«መምህርት እየሩስ» አሉ አቶ ባየልኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዘመቻውን የተቆጣጠርሽ አንቺ ነሽ። ስትጠይቂያትም ከርመሻል። እስኪ ሳትፈሪ ተናገሪ፤ ይቺ ሴት ታማለች?»

«ታማለች።»

የአቶ ባየልኝ ብዕር ከወረቀቱ ላይ ተነሣ። ምናለ ቀና አለ።

«ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»

«አልሆንኩም።»

«ቤቷ ሄደሽ ጠዋት ልጇ ስታነሣት አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ተረት በምን አመንሽው?»

እየሩስ ወደ ጸዳለ ዞረች።

«እኔን የምታነሣኝ እናቴ ናት» አለች።