አርባ ሦስተኛው ሰው

የተመራቂዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለመመረቂያ ጥናቷ ከዩኒቨርሲቲው መጸዳጃ ቤት ደጅ፣ ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጣ፣ ማን እጁን ታጥቦ ማን ሳይታጠብ እንደሚወጣ ስትመዘግብ፣ አርባ ሦስተኛው ሰው የገዛ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሆነው ቁጭ አሉ። ቧንቧውን እንደማያውቁት ሰው አልፈውት ሊሄዱ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ተመልሰው እስከ ክርናቸው ታጠቡ። «በይ ጻፊ እንጂ ልጄ» አሉ፣ ውሃው ከጣታቸው እየተንጠባጠበ።

«ታዛቢ አይቶ የታጠበ አይቆጠርም ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች አንገቷን ደፍታ፤ «አልታጠበም» የሚለው ላይም ምልክት አደረገች።

«ጎበዝ። አምጪ ልፈርምበት» ብለው ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ተቀበሉና፣ በእርጥብ አውራ ጣታቸው ምልክቷን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ቀለሙ ተጨማለቀ።

«ውይ» አሉ በሐዘኔታ፣ «ይቺ እንኳ አትነበብም። ከጥናቱ አውጫት።»