ከጠመንጃ የተበየደው ባትሪ

ከርከሮ የበቆሎውን እኩሌታ ስለጨረሰበት፣ አያ ቢተው ለጠመንጃው የሚሆን የእጅ ባትሪ ሊገዛ ከሚስቱ ጋር ሱቅ ገባ። ባትሪ ሳይሆን ሙሽራ የሚመርጥ ይመስል አንዱን ጠቆረ፣ አንዱን ቀጠነ እያለ ባለሱቁን አሰለቸው። በመጨረሻ ድስት የሚያክለውን፣ ቻርጅ የሚደረገውን አነሳ።

"በላስቲክ እሰረው፣ ይበቃዋል" አለችው ሚስቱ።

"ለሌባ ላመቻችለት? ያለፈውን ከኪሴ አይደል የመነተፉኝ!"

በያጅ ጋ ወስዶ ከአፈሙዙ ሥር አስበየደው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ከርከሮ ሁሉ ብርሃኑን እያየ እግሬ አውጪኝ አለ። አያ ቢተውም መንደሩን በጉራ አደነቆረው።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ እየጮኸች መጣች።

"ኧረ ከርከሮዎቹ በቀን ገቡልህ! ጠመንጃህስ?"

አያ ቢተው አንገቱን ደፋ።

"ከተማ ነው ያለው። ቻርጅ ሊደረግ ወረፋ ይዟል፤ ከፊቱ አሥራ አራት ሞባይል አለ።"