ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠፋው መብራት

ሙቀቱ ሰው መጣል ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ አቅመ ደካሞች ቀኑን የሚያሳልፉበት ማቀዝቀዣ ቤት ሆኗል፤ መጋረጃው ተጋርዶ ስድስት ቬንትሌተር ሲሽከረከር ይውላል። ኃላፊዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ይላታል። ከአርባ ሰው በላይ እጇ ላይ ነው። የአንዱን ትኩሳት ለክታ ሳትጨርስ ሌላው ይጠራታል። የገዛ እናቷ እንኳ ከመተላለፊያው በር አጠገብ ተቀምጠው «አንቺ ልጅ» ሲሏት፣ «መጣሁ እማዬ» ብላ ታልፋቸዋለች።

ያስቸገራት መብራቱ ነበር። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ስምንት ሰዓት ሲል ድርግም። ጎረቤቱ ሁሉ መብራት እያለው አዳራሹ ብቻ ይጨልማል። አየሩ ወዲያው ይታፈናል፤ ሽማግሌው ያቃስታል፣ አሮጊቷ ደረቷን ትይዛለች። ሲስተር ካርቶን አንስታ መጀመሪያ ወደ እናቷ ትሮጣለች፤ እሳቸውን እያራገበች ሌላውን በዓይኗ ትጠብቃለች።

በሦስተኛው ቀን ያስጠራችው ኤሌክትሪሻን ላቡን እየጠረገ ከመተላለፊያው ወጣ።

«ሽቦው ምንም አልሆነም» አላት። «ዋናውን ማጥፊያ ሰው ነው የሚያወርደው። ሳጥኑ ቁልፍ የለውም፤ ነገ ማታ ገዝቼ እመጣለሁ።»

ሲስተር ደሟ ፈላ። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀመው ማን ነው? አጥሩ ሥር ጋሪውን ያቆመው በረዶ ሻጭ! መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዉ ወደሱ ይጎርፋል። ውሃ እቀዳለሁ እያለ በመተላለፊያው የሚመላለሰውም እሱ ነው።

እንደ ነብር ተወረወረችበት።

«አንተ! በደካማ ነፍስ ትነግዳለህ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ምን አደረግኩ?»

«ማጥፊያውን ማን ነካው ታዲያ? እኔ?»

«እናቴ ትሙት፣ የት እንዳለም አላውቀው!»

«እናትህን ተዋት!» አለ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በከዘራው እየጠቆመ። «ዓይኑን እዩት፣ የሌባ ዓይን!»

አንዱ ጋሪውን በእርግጫ መታው። ቀኑን ሙሉ የለፋበት በረዶ አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ እያዩት ውሃ ሆነ።

«ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ!» አለችው ሲስተር።

በማግስቱ በረዶ ሻጩ ከአጥሩ ማዶ፣ ጥላ በሌለበት ቆመ። ውሃ የሚሰጠው አልነበረም። ሲስተር በመስኮት አየችው፤ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ውጭ ጩኸት ተሰማ። ሰውዬው በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ተሸክመው ሲያስገቡት አዳራሹ አጉረመረመ።

«ይበለው!» አለ ባለ ከዘራው።

ሲስተር ግን ነርስ ናት። ከቬንትሌተሩ ሥር ፍራሽ ላይ አስተኛችው፣ ሸሚዙን ቀደደች፣ እርጥብ ፎጣ ብብቱ ውስጥ አደረገች። ገላው እሳት ነው፣ ላብ የለውም። ቢሞትብኝስ?

«አንቺ ልጅ» አሉ እናቷ።

«ቆይ እማዬ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው!» ዞራም አላየቻቸው።

ፎጣ ቀየረች። ከንፈሩን አረጠበች። በመጨረሻ ሰውዬው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያት። «ይቅር በለኝ» ልትለው አፏን ስትከፍት፣

ድርግም።

ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። ሁሉም የሚያየው ፍራሹን ነበር፤ በረዶ ሻጩ ከዚያው ከተኛበት አልተነቃነቀም።

ሲስተር ተነሳች። ባዶውን ወንበር አልፋ የመተላለፊያውን በር በረገደችው።

«መጣሽልኝ?» አሉ እናቷ፣ እጃቸውን ከማጥፊያው ላይ ሳያነሱ።