የአባቷ ሒሳብ

ዘመኑ ትምህርት ከወላጅ ጭንቅላት ወደ ልጅ ጭንቅላት በመሣሪያ የሚገለበጥበት ነበር፤ ልጅ ያገኘውን ወላጅ ያጣዋል። ቁጭ ብሎ ማስተማርን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ምንታምር ኮሌጅ ገብታ ምህንድስና ልታጠና አስባ፣ ለአስራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ መረጠች። አባቷ ልብስ ሰፊው ይርዳውም፣ "ውሰጂው ልጄ፣ እኔማ ኖሬበታለሁ" ብሎ ሰጣት።

በማግስቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጨርቅ ፊት ተገትሮ አገኘችው።

"ምነው አባዬ?"

"የቱ ጋ እንደምቆርጥ ጠፋኝ።"

የተገለበጠ አይመለስም። ቢቸግራት ጠመኔውን አንስታ ጨርቁ ላይ መስመር አሰመረች፤ ቁጥሮቹንም እየጠራች አስደገመችው። እየተሳሳተም ቢሆን ያዘ። ከሰዓት በኋላ እጅጌውን ራሱ ለክቶ ቆረጠ።

ምንታምር ፈራ ተባ እያለች የራሷን ሒሳብ ፈተሸች።

"አባዬ!" ብላ ጮኸች፤ "ሰጥቼህም አለኝ!"