የዱቄቱ ብልቃጥ

የዓብዲሳ ልጅ ሃዊ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከአምቦ ወደ ጉደር ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና እግሯ ተሰበረ። አምቦ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ በአሥር ቀን ትወጣለች አለ። በአሥረኛው ቀን ቁስሏ መግል ቋጠረ።

ዓብዲሳ መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሃዊ ሌላ ሰው የለውም። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

ክፍሉ አምስት አልጋ ነበረው። ነርሷ ጃለኔ የሦስት ክፍል በሽተኛ ለብቻዋ ስለምትይዝ አትደርስም። አስታማሚ የሌለውን የሚያገላብጠው ዓብዲሳ ሆነ። ከባኮ የመጡትን ሽማግሌ ኦቦ አዱኛን አቅፎ ያስቀምጣቸዋል፤ ፋሻ የላላበትን ያጠብቅለታል፤ ላብ ያጠመቀውን ይጠርጋል። የቧንቧው ውሃ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። እሱ ግን አንድም ቀን አልታከተም። በሽተኞቹ "አባታችን" ይሉት ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የአምስቱም ቁስል መግል ያዘ። ሐኪሙ ለሁሉም ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን፣ በብልቃጥ ውስጥ በዱቄት መልክ የሚመጣውን መርፌ አዘዘ። በሦስት ቀን ሊሻላቸው ይገባ ነበር። በስድስተኛው ቀን ኦቦ አዱኛ ሞቱ።

አስከሬኑ ከግቢ እንደወጣ ዓብዲሳ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄደ። ፋርማሲስቱ ፉአድ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ሰላምታ አያበዛም፤ መስኮቱንም ሰው እያነጋገረው ይዘጋል።

"ብልቃጡ ውስጥ ምን እየጨመርክ ነው የምትሰጠን?" አለው ዓብዲሳ።

"ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የምሰጠው። ከመስኮቱ ዞር ይበሉ።"

"ሰው ሞቷል እኮ!"

"ሐኪሙን ይጠይቁ።" መስኮቱን ዘጋበት።

ዓብዲሳ ወደ ክፍሎቹ ተመለሰ። ለሰማው ሁሉ አንድ ነገር ነገረ፦ ፉአድ እውነተኛውን መድኃኒት እያወጣ ይሸጣል፤ በምትኩ በብልቃጡ ተራ ዱቄት ይሞላል። ማንም አልተጠራጠረውም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አርባ ያህል ሰው መድኃኒት ክፍሉን ከበበ። መስታወቱ ረገፈ። አንዱ በክራንቹ የፉአድን ግንባር ፈነከተው። ፖሊስ ደርሶ ፉአድን ሲወስደው ነጭ ጋውኑ በደም ርሶ ነበር። አንዲት ሴት ተከትላ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ዓብዲሳ ቆሞ አየ። አላዘነም።

ከሦስት ቀን በኋላ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሮሆቦት አስጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ትናንሽ የምርመራ ሳህኖች ነበሩ።

"ኦቦ ዓብዲሳ፣ ከፉአድ መደርደሪያ ያልተከፈተ ብልቃጥ ወስጄ ሞከርኩት። እዚህኛው ላይ ተራ ባክቴሪያ ነበር፤ መድኃኒቱ ጨረሰው። እዚህኛው ከሃዊ ቁስል የተወሰደ ነው፤ ምንም አልሆነም።"

"ምን ማለት ነው?"

"መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው። ባክቴሪያው ኢንዛይም የሚባል ነገር ያመርታል። ያ ኢንዛይም መድኃኒቱን ሥራውን ሳይጀምር ይቆራርጠዋል። ከአምስቱም በሽተኞች ቁስል የተወሰደውን አይቻለሁ፤ አንድ ዓይነት ነው። ሰው በእጁ ከአንዱ ወደ ሌላው አዛምቶት ይሆናል።"

ዓብዲሳ ስለ ፉአድ አልጠየቀም።

"ጃለኔ ናት" አለ። "ቁስል የምታጥበው እሷ ናት።"

ኮሪደር ላይ አገኛትና ሰው ሁሉ እያየ ጮኸባት። ጃለኔ አለቀሰች። "ዋቃዮ፣ አምላኬ! ውሃ ሳይኖር ምን ላድርግ?" አለች። እሱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና ከሆስፒታሉ ባለቤት እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ የሁሉም እጅ ካልተመረመረ ከዚህ አልወጣም አለ።

"ይህ ሠራተኛውን ማዋረድ ነው፣ ኦቦ" አለው ሥራ አስኪያጁ።

"እምቢ የሚል ካለ ገዳዩ እሱ ነው።"

ፉአድም ከእስር ተፈትቶ ለምርመራው መጣ፤ ግንባሩ ተሰፍቷል። ሃያ ሁለት ሠራተኞች ተሰለፉ። ወደ ፊት የሚወጣ ግን ጠፋ። ዓብዲሳ ተናደደ። እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት እጁን ለሮሆቦት ዘረጋላት።

"ከእኔ ጀምሪ፤ እነዚህ ይፈሩ!"

በማግስቱ መግሉ ስለተስፋፋ የሃዊ እግር ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ያ ባክቴሪያ የማይቋቋመው ሌላ መድኃኒት ከአዲስ አበባ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነበር። ነፍሷን አተረፈላት።

በሦስተኛው ቀን ሮሆቦት ውጤቱን ይዛ ሁሉም ወደተሰበሰበበት አዳራሽ ገባች። ወረቀቱን እያየች ቆማ ቀረች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አላት ዓብዲሳ። ጃለኔን አየ፤ ፉአድን አየ። "ጮክ ብለሽ አንብቢው! ሁሉም ይስማ!"

አነበበችው። ከሃያ ሦስቱ ሰዎች ባክቴሪያው የተገኘው በአንዱ እጅ ላይ ብቻ ነበር፤ በዓብዲሳ።