የዘይቱ ቱቦ

ጥላዬ ለሥራ ወደ ቤይሩት የምትበረውን ልጁን ውብነሽን አሳፍሮ ሞጆን እንዳለፈ፣ የአሮጌዋ ናፍጣ መኪናው የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ፈነዳ። ጥቁር ዘይት አስፋልቱ ላይ ተንዠቀዠቀ።

«የአምላክ ያለህ! አውሮፕላኑ ሊያመልጣት ነው!» እያለ ከመኪናው ሥር ገባ። ትኩሱ ዘይት እጁን እየለበለበው የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ ጣለ፤ ቱቦውን መልሶ ገጠመና ማሰሪያውን አጠበቀ። ከዚያ የጣለው ቁራጭ ላይ ዓይኑ አረፈ። ቱቦው እስከ ግማሹ ድረስ በምላጭ ተቆርጧል፤ የፈነዳው የቀረው ግማሽ ነው።

ቀና ብሎ፣ ቱቦው ከፈነዳ ጀምሮ ምንም ያልነካችውን ልጁን አያት። ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ዘይት አለ።

«አባዬ፣ ተሠራ?» አለችው፤ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ጥላዬ ያጠበቀውን ማሰሪያ ቀስ ብሎ ፈታው።

«እምቢ አለኝ ልጄ። ሻንጣሽን አውርጂ፣ ወደ ቤታችን የሚሄድ መኪና እንለምን።»